ከሆዴ ጀርባ የተደበቀው ጉባኤ

ወንድሞችና እኅቶች፣ እግዚአብሔር በሕይወቴ የሠራውን እንድናገር ጊዜ ስለ ሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። ለመመስከር ከፈለግሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኛል። ዛሬ ግን የተነሣሁት ደስ ስላለኝ ብቻ አይደለም፤ ስለ ተናደድሁም ነው። ባለፈው ወር ጎሬ በተደረገው ጉባኤ አንድ አገልጋይ ስለ እኔ ሲመሰክር ሰማሁ። «በመቱ ከተማ መቶ ሃምሳ ኪሎ የሚመዝን ባለ ሥልጣን ነበር፤ ወንድሞች እጃቸውን ሲጭኑበት ስቡ እያዩት ቀለጠ!» አለ። ሕዝቡም እልል አለ። እኔ እዚያው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። መቶ ሃምሳ ኪሎ መዝኜ አላውቅም። ባለ ሥልጣን ሆኜ አላውቅም። እያዩኝ የቀለጠም ነገር የለም፤ ስብ የሚቀልጠው ድስት ውስጥ ነው። ጌታ በሠራው ላይ ሐሰት መጨመር ጌታን መርዳት አይደለም። ስለዚህ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል እነግራችኋለሁ፤ ክብሩ ሁሉ የእርሱ ይሁን። ሃሌ ሉያ!

በደርግ ዘመን እዚሁ መቱ የቡና ጥራት ባለሙያ ነበርሁ። ከዩኒቨርሲቲ በእርሻ ትምህርት ተመርቄ ነው የተመደብሁት። ወላጆቼ ከሰሜን መጥተው ጎሬ የሰፈሩ የተዋሕዶ ክርስቲያኖች ናቸው። እኔ ደግሞ በጥምቀት ክርስቲያን፣ በትምህርት ተጠራጣሪ፣ በስብሰባ ላይ አጨብጫቢ ነበርሁ። ሥራዬ በላንድሮቨር ከገበሬ ማኅበር ወደ ገበሬ ማኅበር እየዞሩ ቡና መመርመር ነበር። ቡናው እርጥበት ካለው ከክብደቱ አስቀንሳለሁ፤ ጠጠር ካለበት እመልሳለሁ። በዚህ ነገር ምሕረት አልነበረኝም። ነገር ግን ወገኖቼ፣ ያ ሁሉ ጥብቅነት ሳህን ሲቀርብልኝ የት እንደሚገባ አላውቅም።

በያዮ በኩል ኦቦ ገመቹ የሚባሉ የማኅበር ሽማግሌ ነበሩ። ከጠዋቱ በሦስት ሰዓት ቅቤ የጠጣ ገንፎ ያቀርቡልኛል፤ በላዩም የጫካ ማር ያፈሱበታል። «ኛዻ! ኛዻ!» ይላሉ፤ ብሉ፣ ብሉ ማለታቸው ነው። ቁርስ በልቼ መምጣቴን ስነግራቸው ፊታቸው ይለወጣል።

«ገንፎዬን የናቁ ቡናዬንም ሊጥሉ ነው?»

አስተውሉ እንግዲህ። ቡናቸውን የምጥል ከሆነ እንዳይቀየሙኝ ገንፎውን መብላት አለብኝ። ቡናቸውን የማሳልፍ ከሆነም ለደስታው መብላት አለብኝ። በሁለቱም መንገድ እበላለሁ። ከእርሳቸው ዘንድ ወጥቼ ሁለተኛው ማኅበር ስደርስ ዶሮ ይጠብቀኛል። በሦስተኛው በግ ታርዷል። ከተማ ስመለስ ደግሞ ክርስትና አለ፣ ሠርግ አለ፣ ዕድር አለ። ማታ ቤት ስገባ ባለቤቴ አስናቀች «ቀኑን ሙሉ በመንገድ ምን በልተህ ይሆን!» ብላ እያዘነች ታቀርባለች። ያን ሁሉ የምበላው ርቦኝ ይመስላችኋል? አንድ ቀን እንኳ ርቦኝ አያውቅም። ለመራብ ጊዜ የሰጠኝ ሰው አልነበረም።

የሰው ሚዛን እንደ ልብ አይገኝም ነበርና የምመዘነው በቡና መጋዘኑ የጆንያ ሚዛን ነው። መዛኙ ዲሳሳ የሚባል ነገረኛ ሰው ነበር። አንድ ቀን ብረቱን ወዲያና ወዲህ ገፋፍቶ፣ ጫኞቹ ሁሉ እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ጋሽ መኰንን፣ አንድ መቶ አሥራ ስምንት! እርጥበት ልቀንስልዎት?» አለ። ጫኞቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ?

ሳቁ ብዙ አልቆየም። በክረምት ጎሬ ሄጄ ከመኪና ወርጄ ዳገቱን ስወጣ ዓይኔ ጨለመ፤ ደረቴ ላይ ድንጋይ የተጫነ መሰለኝ፤ ከነፋይሌ ጭቃው ላይ ተዘረርሁ። አራት ሰዎች ሊያነሡኝ ሞከሩ። አንደኛው «ባይኤ ኡልፋታ!» ሲል ሰማሁት፤ በጣም ይከብዳል ማለቱ ነው። ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀ ሰው ጭቃ ውስጥ ተጋድሞ እንደ ጆንያ ክብደቱ ሲነገርለት ምን እንደሚሰማው ለእናንተ አልገልጽም።

ወደ ሐኪም ወሰዱኝ። ሐኪሙ ከአዲስ አበባ የተመደበ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር።

«የደም ግፊትዎ ከፍተኛ ነው፤ ስኳርም አለብዎት። ሠላሳ ኪሎ መቀነስ አለብዎት። ካልቀነሱ ወይ ዓይንዎን ወይ ልብዎን ያጣሉ። የትኛው እንደሚቀድም ልነግርዎት አልችልም።»

«እንዴት ልቀንስ?»

«ምግብ ይቀንሱ።»

«ዶክተር፣ ኢሉባቦር ከመጡ ስንት ጊዜዎ ነው?»

«አራት ወር።»

«እስካሁን ቤቱ የጠራዎት ሰው የለም ማለት ነው።»

«ጠርተውኛል እንጂ» አለና የራሱን ቀበቶ ዝቅ ብሎ አየ። ከዚያ በኋላ ስለ ምግብ አልተከራከረኝም፤ እንክብሉን ጽፎ ሰጠኝና፣ «ቢሆንም ይቀንሱ» አለኝ።

እኔም በተማርሁት መንገድ ሠንጠረዥ አዘጋጀሁ። በየቀኑ ምን እንደምበላ፣ ምን ያህል እንደምራመድ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጠፍሁ። ሰኞ ኦቦ ገመቹ ዘንድ ሄጄ «ታምሜአለሁ፣ ሐኪም ከልክሎኛል» አልኋቸው። በጣም አዘኑልኝ። አዝነውም «ለበሽታ ማር ነው!» ብለው እጥፍ አደረጉት። ማክሰኞ የሥራ ባልደረባዬ እናት አርፈው ለቅሶ ደረስሁ፤ ከለቅሶ ቤት እህል ሳይቀምሱ መውጣት እንዴት ያለ ነውር እንደሆነ ታውቃላችሁ። ረቡዕ አስናቀች እንደ ሠንጠረዡ ጎመንና ትንሽ እንጀራ አቀረበችልኝ። በዚያው ሰዓት ጎረቤታችን ወንፊት ልትዋስ ገባች። ሳህኑን አየች፣ እኔን አየች፣ ደረቷን መታች።

«ውይ አስናቀች! ይህን የመሰለ ሰው ጎመን ታበያለሽ?»

ከሰዓት በኋላ ወሬው ሰፈሩን ሞላው። በራችን ላይ ከሁለት ቤት ዶሮ ወጥ መጣ። በመንገድ ለመራመድ ያቀድሁበት ሰዓት ደግሞ በስብሰባ ተያዘ፤ ቅዳሜ የልማት ዘመቻ ነው፤ እሑድ ዕድር ነው። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ የዲሳሳ ሚዛን ላይ ወጣሁ። መቶ ሃያ። ሠንጠረዡን ቀደድሁት።

አስናቀችም በበኩሏ አለቀሰች። «ከስተህ ብትታይ የምወቀሰው እኔ ነኝ። ወፍረህ ብትሞት ግን ማንም አይወቅሰኝም!» አለችኝ። እንዲህ ያለ ፍርድ ከየትኛውም ፍርድ ቤት ሰምቼ አላውቅም፤ የሚያሳዝነው ደግሞ ትክክል መሆኗ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዩ እገባለሁ። በዚያ ዘመን የወንጌል አማኞች ጸሎት ቤት ተዘግቶ አዳራሹ ለቀበሌ ተሰጥቶ ነበር። አማኞቹ በየቤቱ በምስጢር ይጸልያሉ ይባል ነበር። አስናቀች ካመነች ዓመት አልፏት ነበር፤ እኔ አላወቅሁም። ቡና ውስጥ ያለች ጠጠር የማታመልጠኝ ሰው የሚስቴን እምነት ዓመት ሙሉ አላየሁም። አንድ እሑድ ከቀትር በኋላ «ዛሬ ጋሽ ላምቦሬ ቤት አብረን እንሂድ» አለችኝ። ጋሽ ላምቦሬ ከከምባታ መጥቶ በገበያው አጠገብ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። ሱሪዬን በየዓመቱ የሚያሰፋልኝ እርሱ ነበርና ስለ ሰውነቴ ከሐኪሙ ይልቅ ያውቃል።

ስንገባ አሥራ አንድ ሰው ገበታ ከቦ ተቀምጧል። ገበታው ላይ ቆጮ አለ፣ ክትፎ አለ፣ አይብ አለ። የሚበላ ሰው ግን የለም። ጋሽ ላምቦሬ ቃሉን ከፍቶ ዝቅ ባለ ድምፅ አነበበ፤ ጸለዩ። አንዲት ሴት በመስኮቱ አጠገብ ቆማ ውጭውን ታያለች። ድንገት «መጡ» አለች። ወዲያው የሁሉም እጅ ገበታው ላይ አረፈ፤ አንዱ ስለ በግ ዋጋ፣ ሌላው ስለ መንገዱ ጭቃ ጮክ ብሎ ማውራት ጀመረ። ሁለት የቀበሌ ጥበቃዎች ከነጠመንጃቸው ገቡ። እኔን ሲያዩ ፊታቸው ፈታ አለ።

«እንዴ፣ ጓድ መኰንንም እዚህ ነዎት?»

ቆጮ ተጠቀለለላቸው፣ ጎረሱ፣ አመስግነው ሄዱ። በሩ ሲዘጋ ጋሽ ላምቦሬ እጁን ወደ ሰማይ አንሥቶ፣ «ጌታ ይባረክ! ይህን ሆድ ያየ ሰው እዚህ ቤት ጸሎት አለ ብሎ አይጠረጥርም!» አለ። ሌሎቹም «አሜን» አሉ። በሆዴ ላይ አሜን ሲባል የመጀመሪያው ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ ተቆጣሁ። «ለሽፋን ነው የወሰድሽኝ?»

«ለነፍስህም ነው» አለች አስናቀች። ትንሽ ተራምዳ ደግሞ፣ «መጀመሪያ ግን ለሽፋን ነው» አለች።

ታዲያ በሚቀጥለው እሑድ ለምን ተመለስሁ? መንፈስ መራኝ ብል ደስ ይላችኋል፤ ነገር ግን ሐሰት ነው። የተመለስሁት ጋሽ ላምቦሬ ስለ ጠራኝና እንቢ ማለት ስላልቻልሁ ነው። ለወራት የዚያ ጉባኤ ክዳን ሆኜ ተቀመጥሁ። እነርሱ ይጸልያሉ፣ እኔ ወፍሬ እታያለሁ። ጥበቃዎቹ ሲመጡ ከሁሉ በላይ የምጎርሰው እኔ ነበርሁ፤ የሚታየው የእኔ ጉርሻ ነውና። ሐኪሙ ግፊቴን ለክቶ መሣሪያውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና፣ «ጋሽ መኰንን፣ መሞት ከፈለጉ እኔ ዘንድ መመላለስ አያስፈልግዎትም» አለኝ።

አንድ እሑድ ጋሽ ላምቦሬ ሰውን ስለ መፍራት አስተማረ። ስለ ምግብ አንዲት ቃል አልተናገረም። ስለ ቀበሌም አልተናገረም። ስለ ራሱ ተናገረ። «ደንበኛ ሱሪው መቼ እንደሚደርስ ሲጠይቀኝ ሐሙስ ይደርሳል እለዋለሁ። ሐሙስ እንደማይደርስ እያወቅሁ ነው። ለምን? ፊቱ ሲጠቁር ማየት ስለምፈራ ነው። ወንድሞች፣ ይህች ትንሽ ፍርሃት አይደለችም። ሰውየውን ፈርቼ እግዚአብሔር ፊት ዋሸሁ ማለት ነው» አለ። ሁሉም ሳቁ፤ ያልደረሰ ሱሪ የሌለው ሰው እዚያ ቤት አልነበረምና። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ወገኖቼ፣ በዚያች ሰዓት ሆዴን እንደ ባለሙያ መረመርሁት። ቡና ጆንያ ከፍቶ ውስጡ ያለውን ለይቶ ማውጣት ሥራዬ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ሆዳም ነኝ ብዬ ራሴን ስከስስ ነበር። ስከፍተው ውስጡ ያለው ሆዳምነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። የኦቦ ገመቹን ፊት ፈርቼ በላሁ። የጎረቤትን አፍ ፈርቼ በላሁ። ስብሰባ ላይ ያላመንሁበትን አጨበጨብሁ፤ ያላየሁትን አየሁ ብዬ ፈረምሁ። እያንዳንዱ «እሺ» እዚሁ ሰውነቴ ላይ ተቀምጦ ነበር። ዓይኔን እንባ ሞላው። በዚያ ዕድሜዬ ሰው ፊት ማልቀስ ምን ያህል እንደሚያበሳጭ አትጠይቁኝ።

«ጋሽ ላምቦሬ፣ ይጸልዩልኝ» አልሁ።

«ለክብደቱ?»

«የለም። ለፍርሃቱ።»

ያን ቀን ጌታ ኢየሱስን ተቀበልሁ። ስሙ ይባረክ! ስሙ ይባረክ! ክብደቴ ግን ያን ቀን አልቀነሰም፤ ይህን የጎሬው አገልጋይ ይስማልኝ። በማግስቱ ተመዝኜአለሁ። መቶ ሃያ አንድ ነበር።

የቀነሰው ፍርሃቱ ነው። ኦቦ ገመቹ ዘንድ ስሄድ ማንኪያውን አነሣሁ፣ ሦስት ጊዜ ጎረስሁ፣ አስቀመጥሁ። «ገንፎዎን አልናቅሁም። ከዚህ በላይ ከበላሁ ግን እሞታለሁ። ቡናዎን ደግሞ በቡናነቱ እመረምረዋለሁ» አልኋቸው። ተቀየሙ። ሁለት ጊዜ ስመላለስ አላናገሩኝም። በሦስተኛው ጊዜ ቆሎና ውኃ አቀረቡልኝና፣ «እንግዲህ ቡናዬን ቢጥሉትም በገንፎ ምክንያት አይደለም፤ ይህም ይሻላል» አሉኝ። አስናቀችም ለጎረቤታችን በሯ ላይ ቆማ፣ «ጎመን የማበላው እንዲኖርልኝ ነው፤ ዶሮሽን ለልጆችሽ አብዪ» አለቻት። ከዚያን ቀን ጀምሮ በሰፈሩ እንደ ክፉ ሴት ታየች፤ ስለ እኔ ተሸከመችው። እግዚአብሔር ይባርካት።

በሰባት ወር ሃያ ሦስት ኪሎ ወረደልኝ። በአንድ ሌሊት አልወረደም። እያንዳንዱ ኪሎ በአንድ የተቀየመ ሰው ነው የወረደው። ዲሳሳ «ዘጠና ስምንት!» ሲል ጫኞቹ ሥራ አቁመው አዩኝ። «ጋሼ፣ ምን ነካዎት? ታመዋል እንዴ?» አለኝ። ስወፍር የሳቀው ሰው ስከሳ አዘነልኝ።

ይህን ጊዜ ምስጋና መሆን ነበረበት፤ አይደለም? አዳምጡኝ። የቀበሌው ሊቀ መንበር ገበያ ላይ ጋሽ ላምቦሬን አግኝቶ፣ «ጓድ መኰንን ምነው ከሳ? ጴንጤዎች ይጾማሉ ይባላል» ብሎት ኖሯል። በሳምንቱ ጋሽ ላምቦሬ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ ቤቴ መጣ። ተቀመጡ። ስለ ዝናቡ ተነጋገሩ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወንድም መኰንን፣ ጌታ ስለ ሠራው ሥራ እናመሰግናለን» አለ ጋሽ ላምቦሬ። «ሆኖም ትንሽ ቢያቆሙት?»

«ምኑን?»

«መክሳቱን።»

«ሐኪም ክሳ ይለኛል፤ ጉባኤው አትክሳ ይለኛል! እናንተ ሰዎች ምን ሁን ነው የምትሉኝ?»

«ለጉባኤው ደኅንነት ነው» አለ አንዱ ሽማግሌ።

«እንግዲያው እርስዎ ይወፍሩ!»

ጋሽ ላምቦሬ አልተቆጣም፤ ሜትሩን ከኪሱ አወጣ። ልብስ ሰፊ ችግር ሁሉ በመርፌ የሚፈታ ይመስለዋል። በኮቴ ገበርና በውጩ ጨርቅ መካከል ጥጥ ሞላበት፤ በሆድ በኩል ወፍራም፣ በጎን በኩል ሳሳ አድርጎ። ሥራው ያማረ ነበር፤ ይህን መካድ አልችልም። ስለብሰው የድሮውን መኰንን መሰልሁ። እኔም እንቢ ማለት የተማርሁት ሰው፣ ለወንድሞች ስል እሺ አልሁ። ሁለት ወር ለበስሁት። የኢሉባቦርን ዝናብ ታውቃላችሁ፤ አንድ ቀን ከያዮ ስመለስ መኪናው ጭቃ ያዘውና ስገፋ ዝናብ መታኝ። ጥጡ ውኃውን ጠጣ። ኮቱ እንደ እርጥብ ጆንያ ከበደ። ላብና ዝናብ እየወረደብኝ፣ እግዚአብሔር ያወረደልኝን ሸክም ወንድሞች መልሰው በትከሻዬ ሰቀሉት ብዬ መኪናውን እየገፋሁ ለብቻዬ ጮኽሁ። ሾፌሩ ያበድሁ መሰለው።

ከዚያ በኋላ በነበረው እሑድ ጉባኤው በጾም ላይ ነበር። ገበታው ግን እንደ ልማዱ ተዘርግቷል። በመስኮቱ ያለችው ሴት «መጡ» አለች፤ ዛሬ የመጣው ራሱ ሊቀ መንበሩ ነበር፤ ሁለቱን ጥበቃዎች አስከትሏል። እንጀራው ሙሉ ነው፣ ወጡ አልተነካም፣ ስለ ጾሙም እጁን የዘረጋ ሰው የለም። ይህን በአንድ እይታ አየ። ቀስ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ፤ በስብሰባ ላይ የማንንም ቃል እንደማይረሳ የታወቀ ሰው ነው።

«ጓድ መኰንን፣ ምግቡ ቀዝቅዟል። አይበሉም?»

ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ ወደ አፌ አቀረበ። ያችን ጉርሻ ብጎርስ ጾሜ ይፈርሳል፤ ይህ ትንሹ ነገር ነው፤ ጌታ ይምረኛል። ብጎርስ ቤቱ ሁሉ ይድናል። ብተዋት ቤቱ ሁሉ ይታወቃል። አሥራ አንዱም ያዩኝ ነበር። አስናቀች አቀርቅራለች። የጉርሻው ወጥ በሊቀ መንበሩ ጣቶች መካከል እየተንጠባጠበ ኮቴ ላይ ወረደ። ኮቱን አየሁት። ጌታን ከተቀበልሁ በኋላ እንደ ገና በፍርሃት ተሞልቻለሁ፤ ልዩነቱ አሁን ፍርሃቱ ጥጥ መሆኑ ብቻ ነው።

«አልበላም» አልሁ።

«ለምን?»

«ጾም ላይ ነኝ።» ተነሥቼ ኮቴን አወለቅሁና ገበታው አጠገብ አስቀመጥሁት። «ይህም ሥጋዬ አይደለም፣ ጥጥ ነው። በጌታ በኢየሱስ አምኛለሁ። የምናገረው ስለ ራሴ ነው፤ ስለ ሌላ ሰው አይጠይቁኝ።»

ሊቀ መንበሩ ጉርሻውን ወደ ገበታው መለሰ፤ እጁን ጠረገ። «አንተ የተማርህ ሰው!» አለ። «እርስዎ» ማለቱን ያን ጊዜ ተወ። «በል ቅደም።»

በሩ ላይ ሳልደርስ ከኋላዬ ወንበር ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። ጋሽ ላምቦሬ ቆሟል። «እኔም» አለ። ከዚያ አስናቀች ቆመች። ከዚያ ያ «እርስዎ ይወፍሩ» ብዬ የተቆጣሁት ሽማግሌ ቆመ። ከአስናቀች ጋር ስምንት ሰው ቆመ፤ አራቱ አልቆሙም። ያልቆሙትን አትፍረዱባቸው፤ እኔ ከእነርሱ በላይ ብዙ ዓመት ተቀምጬአለሁ።

ያሰሩን በቀበሌው አዳራሽ ነው። የድሮው ጸሎት ቤት መሆኑን ታስታውሳላችሁ። አስናቀችን በማግስቱ ለቀቋት፤ እኔን በአሥራ ሁለት ቀን። ጋሽ ላምቦሬ ግን ቤቱ የእርሱ ስለ ነበረ አርባ ቀን ታሰረ፤ ሱቁ ታሸገ፤ የስፌት መኪናው ተወሰደ። ይህን ሳስብ ዛሬም ልቤ ያመኛል። አገልጋዮች ስለ እኔ ሲመሰክሩ ይህን ይዘልሉታል፤ ደስ የሚል ክፍል አይደለምና። በእስሩ ውስጥ ወለሉ ላይ ጎን ለጎን ተኝተን ሳለ፣ «ጋሽ ላምቦሬ፣ አንዲት ጉርሻ ብጎርስ ኖሮ ይህ አይደርስብዎትም ነበር። ይቅር ይበሉኝ» አልሁት።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። የተቀየመ መስሎኝ ነበር።

«ጋሽ መኰንን» አለ በመጨረሻ፣ «እኛ ዓመት ሙሉ ከሰው ሆድ ጀርባ ተደብቀን፣ እግዚአብሔር መሸሸጊያችን ነው እያልን ዘመርን። ኮቱን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ይቅርታ የምጠይቀው እኔ ነኝ።»

ተቃቅፈን አለቀስን። ከአጠገባችን የነበረ ሌላ እስረኛ «እናንተ ሰዎች፣ ወይ ተኙ ወይ እኔንም አስረዱኝ» አለን። አስረዳነው። ያ ሰው አምኖ ወጣ። ክብር ለጌታ ይሁን!

የስፌት መኪናው አልተመለሰለትም። ጋሽ ላምቦሬ እስኪያርፍ ድረስ በእጅ መርፌ ሰፋ። ሱሪ ሲታዘዝ ግን «በሦስት ሳምንት ይደርሳል» ይል ነበር፤ በሦስት ሳምንትም ያደርስ ነበር። ጉባኤውም ከዚያ ወዲያ ገበታ አልዘረጋም። በቡና ማሳዎች ጥላ ሥር ቆመን እንጸልይ ነበር፤ ተያዝንም፣ ተፈታንም፣ በዛንም።

እኔን መሥሪያ ቤቱ ከደረጃ ዝቅ አድርጎ ያዮ ጫካ ውስጥ ወዳለ አንድ ጣቢያ መደበኝ። ላንድሮቨር የለም፣ በቅሎም የለም። ከማኅበር ወደ ማኅበር በእግሬ ሄድሁ፤ በቀን አራት ሰዓት፣ አንዳንዴም ስድስት። ዓመት ሳይሞላ ሐኪሙ ዘንድ ሄድሁ። ሰባ ዘጠኝ ኪሎ። ግፊቱን ሁለት ጊዜ ለካ፤ ዓይኔን መረመረ።

«ጋሽ መኰንን፣ ምን መድኃኒት ወሰዱ?»

«ከሥራ ዝቅ ተደረግሁ» አልሁት።

በጣም ሳቀ። እኔ ግን በቁም ነገር ነው የመለስሁለት። ለቅጣት የሰጡኝን መንገድ እግዚአብሔር ለሕይወት ተጠቀመበት። ይህ ተአምር አይደለም የሚል ሰው ካለ በያዮ ጭቃ አንድ ክረምት ይራመድና ይንገረኝ። ተአምር ነው የሚል ካለም እንክብሉን እስከ ዛሬ እንደምውጥ ይወቅ። ሁለቱንም ሳልቀንስ ሳልጨምር ነገርኋችሁ።

ቅዱሳን ሆይ፣ ዛሬ ሽማግሌ ነኝ፤ ዓይኔ ያያል፣ ልቤ ይመታል፣ አስናቀች በጎኔ አለች። ይህን ሁሉ የሰጠኝን ጌታ አመሰግናለሁ። ከእናንተ መካከል ሐኪም የመከረውን ሌላ ሰው የሚያስተወው ካለ፣ የሰው ፊት ሲጠቁር ማየት ፈርቶ የሚኖር ካለ፣ አንድ ነገር ልንገረው። እኔ ኃይል አልነበረኝም፤ በትምህርቴም፣ በሠንጠረዤም አልቻልሁም። «አልበላም» ያልሁባት አፍ የእኔ ነበረች፤ ድፍረቱ ግን ከእርሱ ነው። ሰዎች ይቀየሟችሁ ይሆናል። ሊያስከፍላችሁም ይችላል፤ ዋጋውን ሌላ ሰው ሊከፍለው መቻሉን ደግሞ አልደብቅባችሁም። እርሱን የታመነ ግን ባዶውን አይቀርም፤ ይህን አይቻለሁ።

ጉባኤው ሲያበቃ እንዲጸለይለት የሚፈልግ ሰው ወደ ፊት ይምጣ። ችኮላ አያስፈልግም፣ በተራ በተራ። የመጨረሻው ሰው እስኪመጣ ድረስ እዚህ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ወንበር አታምጡልኝ።